ሁለት ሥዕል ወደ ፊት፥ አንድ ሥዕል ወደ ኋላ

መስከረም 15 ቀን 1993 ዓ.ም. በሲድኒ ኦሊምፒክ የተሮጠውን የ10,000 ሜትር ሩጫ ያላየ ወይም ሲወራ ያልሰማ ኢትዮጵያዊ በቀላሉ አይገኝም። ሃያ አምስቱ ዙር ሁሉ ለመጨረሻዎቹ ጥቂት እርምጃዎች ሲባል የተሮጠ እስኪመስል ድረስ፥ ኬንያዊው ፖል ቴርጋትና የኛው ኃይሌ ገብረ ሥላሴ ትከሻ ለትከሻ ተያይዘው መጡ። ኃይሌ በ27 ደቂቃ ከ18.20 ሰከንድ፥ ቴርጋት በ27 ደቂቃ ከ18.29 ሰከንድ ገቡ። በመካከላቸው የነበረው ልዩነት 0.09 ሰከንድ ብቻ ነው። በዚያው ኦሊምፒክ በወንዶች የ100 ሜትር ሩጫ አንደኛውን ከሁለተኛው የለየው ጊዜ እንኳ 0.12 ሰከንድ ነበረ፤ እንግዲህ ረጅሙ ሩጫ ከአጭሩ ይልቅ ጠበበ ማለት ነው።

ባለፈው እሑድ የእኅቴ ልጅ ይህንኑ ሩጫ በኮምፕዩተሩ ከፈተልኝ። ልጁ የሁለተኛ ዓመት የኢንጂነሪንግ ተማሪ ነው። «ጋሼ፥ እስካሁን ያዩት ሲሮጡ ነው፤ እኔ ደግሞ ሲቆሙ ላሳይዎት» አለና ሯጮቹ ከመስመሩ ሊደርሱ ሲሉ ቪዲዮውን አቆመው። ከዚያም የነጥቧን ቁልፍ አንድ ጊዜ ነካ አደረጋት። ሥዕሉ ንቅንቅ አለ፤ እጅ ትንሽ ወረደ፥ ጉልበት ትንሽ ወጣ፥ እንደገና ጸጥ አለ። የኮማዋን ቁልፍ ሲነካ ደግሞ ነገሩ ሁሉ ወደ ነበረበት ተመለሰ። ዩቲዩብ ላይ ይህ ለማንም የተፈቀደ ነው፤ በኮምፕዩተር ቪዲዮውን ካቆሙ በኋላ ነጥቧ አንድ ሥዕል ወደ ፊት፥ ኮማዋ አንድ ሥዕል ወደ ኋላ ትወስዳለች። ያን ሩጫ ስንት ጊዜ እንዳየሁት የማውቀው እኔ ነኝ፤ ይህን ግን አላውቅም ነበረ።

«ይህስ የሰው ሥራ ነው፤ እኔም የራሴን ሠርቻለሁ» ብሎ ሌላ ገጽ ከፈተ። ለፊዚክስ ሙከራ አንዲት ኳስ ከሜትር አጠገብ ለቅቆ ስትወድቅ በስልኩ ቀርጿታል። ቁልፉ አንድ ጊዜ ሲነካ ቪዲዮው አንድ ሥዕል ብቻ እንዲራመድለት አድርጎ፥ በብራውዘር ውስጥ የሚሠራ ትንሽ ገጽ ጽፏል፤ በየሥዕሉ ኳሷ ያለችበትን ቁመት ከሜትሩ ላይ እያነበበ ሊመዘግብ ነው። ሐሳቡ ጥሩ ነበረ። አንድ ጊዜ ሲጫን ኳሷ ወረደች፤ ሁለት፥ ሦስት፥ አራት ጊዜም እንዲሁ ደንቧን ጠብቃ ወረደች። በአምስተኛው ላይ ግን እንደ ፌንጣ ዘለለች። ከዚያ አራት ጊዜ በሥርዓት ትሄድና በአምስተኛው እንደገና ትዘላለች። «እንዲህ የሚያደርግ የመሬት ስበት በደብተሬ ላይ የለም» አለኝ።

ልጁ በመጀመሪያ ኳሷን፥ ቀጥሎም ስልኩን ጠረጠረ። ጥፋቱ ግን ከሁለቱም ዘንድ አልነበረም። አንድ ሥዕል የተራመድን እየመሰለን ሁለት የምንራመድበት ምክንያት ምን እንደ ሆነ ለማወቅ ነገሩን ከመሠረቱ መጀመር ይሻላል።

ተንቀሳቃሽ ሥዕል በምንለው ነገር ውስጥ የሚንቀሳቀስ ምንም የለም። ያለው ተከታትሎ የሚታይ የቆመ ፎቶግራፍ ነው፤ የሚያንቀሳቅሰው የኛ ዓይን ነው። እ.ኤ.አ. በ1878 ኤድዋርድ ማይብሪጅ የተባለው ፎቶግራፍ አንሺ በካሊፎርኒያ 12 ካሜራዎች በተርታ ደርድሮ የሚጋልብ ፈረስ አነሣና፥ አራቱም እግሮች ባንድ ጊዜ ከመሬት የሚለቁበት ቅጽበት መኖሩን አሳየ። ያን ጊዜ ሰው ፈረስ ሲጋልብ ማየት ከጀመረ ሺህ ዓመታት አልፈውት ነበረ። ባለሙያዎች እያንዳንዱን የቆመ ሥዕል ፍሬም ይሉታል። የሲኒማ ፊልም በሰከንድ 24 ፍሬም፥ የአውሮፓም የኛም ቴሌቪዥን 25 ፍሬም ያሳያል፤ የአሜሪካው 30 ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው 29.97 ነው። ይህ ጎዶሎ ቁጥር ከየት መጣ ቢሉ፥ እ.ኤ.አ. በ1953 አሜሪካኖች በጥቁርና ነጩ ቴሌቪዥን ላይ ቀለም ሲጨምሩ የቀለሙ ሞገድ ከድምፁ ሞገድ ጋር እንዳይጋጭ ብለው ከ30 ላይ ከሺህ አንድ ያህል ቀነሱለት። ከሰባ ዓመት በኋላ የዛሬ ተማሪዎችም ጣጣውን ይወርሳሉ።

በፊልም ዘመን ፍሬም በእጅ የሚያዝ ነገር ነበረ። ጥቅሉን ከመስኮት አንጻር ዘርግቶ በጣት መቁጠር ይቻላል። ፕሬዚደንት ኬኔዲ እ.ኤ.አ. በ1963 በዳላስ ሲገደሉ አብርሃም ዛፕሩደር የተባለው ልብስ አምራች በትንሽ የቤት ካሜራ ያነሣው 26 ሰከንድ ያህል የሚፈጅ ፊልም 486 ፍሬሞች አሉት። መርማሪዎች ለእያንዳንዱ ቁጥር ሰጡት፤ ካሜራውም በሰከንድ በአማካይ 18.3 ፍሬም እንደሚያነሣ በሙከራ አረጋገጡ። በጥይት ተኩሶች መካከል ስንት ጊዜ እንዳለፈ የተሰላው ከዚህ ነው። ልብ በሉ፤ የፍሬሙ ቁጥር ብቻ አልበቃም፤ የካሜራው ፍጥነትም መታወቅ ነበረበት። ለዚህ ቁም ነገር ኋላ እንመለስበታለን።

የኮምፕዩተር ቪዲዮ እንደዚህ በጣት አይቆጠርም። የዚህ ምክንያቱ ስፋቱ ነው። አንድ የተለመደ ጥራት ያለው ሥዕል 1,920 በ1,080 ነጥቦች አሉት፤ ለእያንዳንዱ ነጥብ ሦስት ባይት ቢያዝ አንዷ ሥዕል 6,220,800 ባይት ትሆናለች። በሰከንድ 25 ሥዕል ሲሆን 155 ሚሊዮን ባይት፥ በሰዓት ደግሞ 560 ቢሊዮን ባይት ያህል ይመጣል። ይህን ማን ያስቀምጠዋል? በስልክ መስመርስ እንዴት ይላካል? ስለዚህ ይጨመቃል፤ የሚጨመቅበትም ዘዴ የመንግሥት ዕቃ ግምጃ ቤት ውስጥ ሠርቶ ለሚያውቅ አንባቢ እንግዳ አይሆንበትም።

ሰኔ 30 ቀን ዕቃው ሁሉ አንድ በአንድ ይቆጠራል። ከዚያ በኋላ በየቀኑ የሚቆጥር የለም፤ የገባው በሞዴል 19፥ የወጣው በሞዴል 22 ይመዘገባል እንጂ። በመዝገቡ ላይ «ከወጪ ቀሪ» የሚል ዓምድ ባይኖርና ኅዳር 12 ቀን ስንት ወንበር ነበረ ተብሎ ቢጠየቅ፥ ሠራተኛው ከሰኔው ቆጠራ ተነሥቶ ገቢውን እየደመረ ወጪውን እየቀነሰ እስከ ኅዳር 12 መምጣት አለበት። የኅዳር 11ስ? እንደገና ከሰኔ ይነሣል። ቪዲዮም እንዲሁ ነው። በየጥቂት ሰከንዱ አንድ ሙሉ ሥዕል ይቀመጣል፤ በመካከሉ ያሉት ሥዕሎች ግን ከጎረቤታቸው የተለየውን ብቻ የያዙ የገቢና የወጪ ደረሰኞች ናቸው። እንዲያውም አንዳንዶቹ ከኋላቸው ካለው ሥዕል ብቻ ሳይሆን ከፊታቸው ካለውም ይበደራሉ፤ ይህ በግምጃ ቤት ቢደረግ ያስቀጣል፥ በቪዲዮ ግን ቦታ ያድናል።

ሙሉው ሥዕል 201ኛው ቢሆንና 240ኛውን ብንፈልግ፥ ብራውዘሩ ከ201 ተነሥቶ እስከ 240 ድረስ ያለውን ማስላት አለበት። ወደ ፊት ወደ 241 መሄድ አንድ ደረሰኝ መጨመር ነው። ወደ ኋላ ወደ 239 መመለስ ግን፥ የተሰሉትን ሥዕሎች ያስቀመጠ ከሌለ፥ እንደገና ከ201 መጀመር ነው። ኮማዋ ከነጥቧ ይልቅ ብዙ ጊዜ የምትዘገየው ስለዚህ ነው።

ይህ የመዘግየትን ነገር ያስረዳል፤ የኳሷን ዝላይ ግን አያስረዳም። እርሱ የሚመጣው ከብራውዘሩ አነጋገር ነው። ክሮም ይሁን ፋየርፎክስ ይሁን ሳፋሪ፥ ገጽ የሚጽፍ ሰው ቪዲዮን የሚያዝበት ቃል አንድ ነው፤ «ከረንት ታይም» ይባላል፥ ትርጉሙም አሁን ያለንበት ጊዜ ማለት ነው። ቪዲዮውን በ12.48 ሰከንድ ላይ አድርግልኝ ይባላል፤ ያደርጋል። 312ኛውን ሥዕል አሳየኝ ማለት ግን አይቻልም። ይህ ቪዲዮ በሰከንድ ስንት ሥዕል አለው ብሎ መጠየቅም አይቻልም። ብራውዘሩ የሚቀበለው ሰዓት ነው፤ በዚያ ሰዓት የትኛዋ ሥዕል እንደምትታይ የሚያውቀው እርሱ ነው።

የእኅቴ ልጅ የቴሌቪዥን ሥዕል በሰከንድ 25 መሆኑን አንብቧል። አንዱን ለ25 ሲያካፍል 0.04 ሆነለት፤ ስለዚህ ገጹ ቁልፉ በተነካ ቁጥር 0.04 ሰከንድ እንዲራመድ አደረገው። ስልኩ ግን የሚቀርጸው በሰከንድ 30 ሥዕል ነው፤ የእያንዳንዷ ሥዕል ዕድሜ 0.0333 ሰከንድ ነው። እስቲ እንቁጠረው። በ0.04 ሰከንድ 1ኛዋ ሥዕል ትታያለች፤ በ0.08 2ኛዋ፤ በ0.12 3ኛዋ፤ በ0.16 4ኛዋ፤ በ0.20 ግን 6ኛዋ። 5ኛዋ የታለች? ማንም ሳያያት አለፈች። ኳሷ የዘለለችው እዚህ ላይ ነው። ልጁ ይህን በወረቀት ስናደርገው ግንባሩን በመዳፉ መታ።

በሲኒማው 24 ቢሆን ኖሮ የተገላቢጦሽ ይሆናል፤ ሃያ አምስት ጊዜ ቢጫን የሚራመደው ሃያ አራት ሥዕል ስለሆነ አንዱ መጫን ይባክናል፥ ሥዕሉ ንቅንቅ አይልም፥ ተጠቃሚው ቁልፉ የተበላሸ ይመስለዋል። የአሜሪካው 29.97 ደግሞ ተንኮለኛ ነው። 30 ነው ብሎ የጀመረ ሰው ለጊዜው ምንም ስሕተት አያይም፤ ከ33 ሰከንድ በኋላ ግን፥ አንድ ሺህ ያህል ሥዕል ሲቆጥር፥ አንድ ሥዕል ተሳስቶ ይገኛል። ከአንድ ሰዓት ቪዲዮ በኋላማ ከመቶ በላይ።

ቁጥሩ ትክክል ሲሆንም ሌላ ወጥመድ አለ። እኛ አንድ ሦስተኛን 0.333 እያልን ብንጽፍ እንደማያልቅልን ሁሉ፥ ኮምፕዩተርም በሁለት በሁለት በሚከፍለው ቁጥሩ 0.04ን በትክክል መጻፍ አይችልም። ልክ በሁለት ሥዕሎች ድንበር ላይ አቁም ሲባል በፀጉር ያህል ወዲህ ወይም ወዲያ ይወድቃል፤ ወዲህ ከወደቀ የሚታየው ያለፈው ሥዕል ነው። የዚህ መድኃኒት ቀላል ነው፤ ወደ ሥዕሏ ደጃፍ ሳይሆን ወደ መካከሏ ማነጣጠር ነው። 25 ፍሬም ባለው ቪዲዮ በእያንዳንዱ ሰዓት ላይ 0.02 መጨመር ይበቃል።

ስልኮች ግን ከዚህ የባሰ ጠባይ አላቸው። ብርሃን ሲያንስ ፍጥነታቸውን ዝቅ የሚያደርጉ ብዙ ናቸው፤ በአንዱ ቪዲዮ ውስጥ አንዷ ሥዕል ከሌላዋ ረዘም ያለ ዕድሜ ይኖራታል። ለእንዲህ ያለው የተወሰነ እርምጃ አይበጅም። ስለዚህ ገጽ ጸሐፊዎች ለብዙ ዓመታት ሲያጉረመርሙ ቆይተው፥ «ሪኩዌስት ቪዲዮ ፍሬም ኮልባክ» የሚባል ረጅም ስም ያለው መሣሪያ ተሰጣቸው። ክሮም እ.ኤ.አ. በ2020፥ ሳፋሪ በ2022፥ ፋየርፎክስ በ2024 ተቀበሉት። ይህ መሣሪያ አዲስ ሥዕል በወጣ ቁጥር የሥዕሏን የራሷን ሰዓት ለገጹ ይነግራል። ለበረታ ሰው ደግሞ «ዌብኮዴክስ» የሚባል አለ፤ ክሮም ከ2021 ጀምሮ ይዞታል። በእርሱ ገጽ ጸሐፊው ፋይሉን ራሱ ፈትቶ፥ ሥዕሎቹን ከመጀመሪያዋ ጀምሮ ራሱ እየቆጠረ ማውጣት ይችላል፤ ሥራው ግን ሁሉ በርሱ ትከሻ ላይ ይወድቃል።

«የሚቀጥለውን ሥዕል አሳየኝ» የሚል አንድ አጭር ትእዛዝ በሁሉም ዘንድ የጸና ግን እስካሁን የለም። ፋየርፎክስ በአንድ ወቅት ለብቻው ሞክሮት ነበረ፤ ሌሎቹ አልተከተሉትም። እኔ እንደሚመስለኝ ደንቡን ያወጡት ሰዎች ያሰቡት ተቀምጦ ለሚመለከተው ሰው ነው፤ ቆሞ ለሚመረምረው አላሰቡም። የሚመለከተው አንድ ሥዕል ቢዘለልበት አይጎዳም። የሚመረምረው ግን ይጎዳል፥ ሌላውንም ሰው ይጎዳል።

እንዴት ይጎዳል? እንበልና አንድ መኪና ሰው ገጨ፤ ከአንድ ሱቅ በር ላይ ያለ የጥበቃ ካሜራም ቀርጾታል። ቪዲዮው ተገልብጦ በብራውዘር ተከፈተ። መርማሪው ሁለት የመብራት ምሰሶዎች በ10 ሜትር መራራቃቸውን ለክቶ፥ መኪናው ከአንዱ ወደ ሌላው ለመድረስ 12 ሥዕል እንደ ፈጀ ቆጠረ። ቪዲዮው በሰከንድ 25 ሥዕል ነው ካለ ጊዜው 0.48 ሰከንድ፥ ፍጥነቱም በሰዓት 75 ኪሎ ሜትር ይሆናል። የጥበቃ ካሜራ ግን ቦታ ለመቆጠብ ብዙ ጊዜ በዝግታ ይቀርጻል፤ በሰከንድ 15 ሥዕል ቢሆን ጊዜው 0.8 ሰከንድ፥ ፍጥነቱ በሰዓት 45 ኪሎ ሜትር ይሆናል። መንገዱ ያው፥ ምሰሶዎቹ እነዚያው፥ አሥራ ሁለቱ ሥዕሎችም እነዚያው ናቸው። በአንደኛው ስሌት ሹፌሩ በከተማ ውስጥ የከነፈ ጥፋተኛ ነው፤ በሁለተኛው እንደ ማንም ሰው ሲነዳ የነበረ ነው። አሥራ ሁለት ብሎ የቆጠረው ገጽ ደግሞ እንደ እኅቴ ልጅ ገጽ በየአምስቱ አንድ እየዘለለ ከሆነ፥ አሥራ ሁለቱም አሥራ ሁለት አይደለም። ቁጥሩን ለዳኛ የሚያቀርብ ሰው ከየት እንዳገኘው ቢጠየቅ «በዓይኔ ቆጠርሁ» ይላል፤ እውነትም በዓይኑ ነው የቆጠረው።

ወደ ሩጫው እንመለስ። በሰከንድ 8 ሜትር የሚሮጥ ሰው ከአንዱ ሥዕል እስከ ሌላው፥ በ25 ፍሬም፥ 32 ሳንቲ ሜትር ይሄዳል። የሲድኒው 0.09 ሰከንድ ከሁለት ሥዕል ዕድሜ ጥቂት ይበልጣል። ስለዚህ 25ቱ ሥዕል ሳይጎድል በተቀመጠ ቅጂ ላይ፥ ኃይሌ መስመሩን አልፎ ቴርጋት ገና ያላለፈባቸው ቢያንስ ሁለት ሥዕሎች መኖር አለባቸው። የቆዩ ቅጂዎችን ሲያቆሙ በሚሮጠው ሰው ዳር ዳር እንደ ማበጠሪያ ጥርስ ያለ መስመር ቢያዩ አይደነቁ፤ የዚያ ዘመን ቴሌቪዥን ጎዶሎ መስመሮቹንና ሙሉ መስመሮቹን በየተራ ይልክ ስለነበረ፥ በአንዷ ሥዕል ላይ ሁለት ቅጽበቶች ተደርበው ነው።

ልጁ ቀጥሎ የፓሪሱን አመጣ። ሐምሌ 26 ቀን 2016 ዓ.ም. በዚሁ በ10,000 ሜትር ዩጋንዳዊው ጆሹዋ ቼፕቴጌ በ26 ደቂቃ ከ43.14 ሰከንድ አንደኛ ሆነ። የኛው በሪሁ አረጋዊ በ26 ደቂቃ ከ43.44 ሰከንድ ሁለተኛ፥ አሜሪካዊው ግራንት ፊሸር በ26 ደቂቃ ከ43.46 ሰከንድ ሦስተኛ ወጡ። በብርና በነሐስ መካከል ያለው 0.02 ሰከንድ ነው፤ የአንዷን ሥዕል ዕድሜ ግማሽ ያህል። ይህ ማለት በ25 ፍሬም ቪዲዮ ላይ ማን ቀድሞ እንደ ገባ የምታሳይ ሥዕል ልትኖርም ላትኖርም ትችላለች፤ ነገሩ እንደ ዕጣ ነው። ካሜራው በ16 ሳንቲ ሜትሩ ውስጥ ከጨፈነ፥ በአንዷ ሥዕል ሁለቱም አልደረሱም፥ በሚቀጥለው ሁለቱም አልፈዋል። ቁልፉን ወደ ፊትና ወደ ኋላ እስኪያልቅ ቢነኩት የሌለችው ሥዕል አትመጣም።

ዳኞቹ ታዲያ በምን ለዩአቸው? እነርሱ የሚያዩት ይህን ቪዲዮ አይደለም። በመጨረሻው መስመር አንጻር የተተከለው ካሜራ ሜዳውን አያይም፤ የሚያየው መስመሩን ብቻ፥ እንደ ክር ቀጭን አድርጎ ነው። በፓሪስ የነበረው ያችን ክር በሰከንድ እስከ 40,000 ጊዜ ያነሣ ነበረ። ክሮቹ ጎን ለጎን ሲደረደሩ አንድ ሰፊ ሥዕል ይሆናሉ፤ በዚያ ሥዕል ላይ ከግራ ወደ ቀኝ ያለው ርቀት ርቀት አይደለም፥ ጊዜ ነው። የሚለካውም ራስ ወይም እጅ ሳይሆን ደረት ነው።

ማታ ላይ ልጁ ገጹን አስተካከለ። 0.04 የሚለውን አጥፍቶ፥ ብራውዘሩ የሚነግረውን የየሥዕሏን ሰዓት እየተቀበለ እንዲመዘግብ አደረገው። ኳሷ በ0.2 ሰከንድ 20 ሳንቲ ሜትር ያህል፥ በ0.4 ሰከንድ 78 ሳንቲ ሜትር ያህል ወደቀች፤ በደብተሩ ላይ ካለው የመሬት ስበት ጋር ተስማማች። ከዚያ ሲድኒን እንደገና ከፈተና ጣቱን ከነጥቧ ቁልፍ በላይ አንሥቶ ጠየቀኝ።

«ጋሼ፥ እየቆመ ይሁን ወይስ እንደ ዱሮው ይሩጥ?»

«ይሩጥ» አልሁት።